የልብስ ሰፊዋ አውራ ጣት

ዕድሜዬን ሙሉ በመርፌ ኖሬ፣ በስተርጅና አንዲት ቀጭን መርፌ ከገዛ ቤቴ ታባርረኝ ጀመር።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ዓይኔ ደከም ቢልም ሰፈርተኛው ዛሬም ሱሪ የሚያሳጥረው፣ ዚፕ የሚያስቀይረው እኔ ዘንድ ነው። የስፌት መኪናዬ ሳሎን መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። የመርፌ መሰኪያዬ፣ ያቺ ጭድ የተሞላች ትንሽ ትራስ፣ ከደረቴ ላይ ተለይታ አታውቅም። ልጄ "እማ፣ ስትሞቺም አብራሽ ትቀበራለች" እያለች ትስቅብኛለች። እንዲህ ያለች ሴት መርፌ ትፈራለች ቢባል ማን ያምናል? ግን የልብስ መርፌ ሌላ፣ የሰው መርፌ ሌላ። ጨርቅ "ኡፍ!" አይልም።

የልጅ ልጄን ሁላችንም ፌንጣ ነው የምንላት። መራመድ ከጀመረች ወዲህ እንደ ሰው ረግጣ ሄዳ አታውቅም፤ ትዘላለች። ከበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር። ደግሞ ከልጆች ሁሉ መዝለል የማይገባት እሷ ናት። ደሟ አይረጋም፤ ሲፈጥራት እንደዚያ ናት። ሌላ ልጅ ጉልበቱን ሲጋጭ አልቅሶ ይረሳዋል። የእሷ ግን ከውስጥ፣ ከመጋጠሚያው ውስጥ ይደማል። ላዩ ላይ ምንም ሳይታይ ውስጡ ይሞላል፣ ያብጣል፣ ያቃጥላታል።

ሲስተሯ በኔው ሙያ ነበር ያስረዳችኝ። ሲስተሯ የምላት ክሊኒክ ውስጥ ፌንጣንና መሰሎቿን የምትከታተለውን ነርስ ነው።

"እማማ፣ የደም ሥር ሲቀደድ ደሙ ራሱ ነው ቀዳዳውን የሚሰፋው። የእርስዎ ልጅ ክሩ አላት፤ ቋጠሮው ነው የሌላት። ስለዚህ ስፌቱ ይተረተራል። መድኃኒቱ ቋጠሮውን ነው የሚሰጣት።"

"እና ቋጠሮውን ከየት ነው የምታመጡት?"

"ደም ከሚለግሱ ሰዎች። ከደማቸው ተጣርቶ፣ ተመርምሮ፣ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ይመጣል።"

"ማን ናቸው ሰዎቹ?"

"እኛም አናውቃቸውም።"

ያን ቀን ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ክንድ ክንዱን ስመለከት መጣሁ።

መድኃኒቱን የምትወጋት እናትዋ ናት፣ ልጄ። እኔ ብልቃጡ ከፍሪጅ ሲወጣ ካየሁ ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ "ጨው አልቋል" እላለሁ፤ ወጥቼ ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ መወጋቱ አልቋል ብዬ ባሰብኩ ሰዓት እመለሳለሁ። ለምን ጨው እንዳልኩ አላውቅም፤ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው፣ በዚያው ቀረ። ቁም ሳጥናችን ውስጥ ለሰርግ የሚበቃ ጨው ተከማችቷል። ፌንጣ ክንዷን ዘርግታ እንደተቀመጠች "እማማ፣ ዛሬም ጨው አለቀ?" ትለኛለች። እኔ ደግሞ እንዳልሰማ እወጣለሁ።

ልጄ የአውቶቡስ ሾፌር ናት። በአጭሩ መስመር ሳለች በየመሐሉ ብቅ እያለች ታየን ነበር። በኋላ ግን ወደ ረጅሙ መስመር አዛወሯት። መሪ ጨብጣ ስልክ አታነሳም፤ ደንቡም አይፈቅድ፣ እሷም አታደርገው። የተዛወረች ለት ማታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣

"እማ፣ እንግዲህ ጨው ይብቃን" አለችኝ።

"ምን ልሁን ነው የምትዪኝ?"

"ተማሪ። በቤቱ ውስጥ ሁለተኛ እጅ ያስፈልጋል። ያንቺ እጅ ካልተረጋጋ የማን እጅ ሊረጋጋ ነው?"

ከልጄና ከፌንጣ ጋር ሄጄ ተማርኩ። ሲስተሯ የጎማ ክንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ከሁለት ብልቃጥ አዋህዶ ከመቅዳት ጀምሮ እስከ መውጋቱ ደጋግማ አሠራችኝ። የጎማው ክንድ አልጮኸም፤ ስለዚህ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለኝ። ልብስ ሰፊ መርፌ ሲያነሳ፣ ጫፉ ዶልድሞ እንደሆነ በአውራ ጣቱ ነካ ያደርገዋል። ሳያስብ ነው የሚያደርገው፤ እንደ ዓይን ጥቅሻ ነው። እኔም የመርፌውን ክዳን ባወለቅሁ ቁጥር ጫፉን በአውራ ጣቴ ነካ!

"እማማ!" ሲስተሯ ትጮኻለች። "ከፋብሪካ ስሎ፣ ጸድቶ ነው የመጣው! ከእጅዎ ላይ ያለውን ሁሉ ቀጥታ ደሟ ውስጥ ሊያስገቡባት ነው?"

"እጄን ታጥቤያለሁ እኮ።"

"የታጠበ እጅም እጅ ነው። የተነካ መርፌ ይጣላል። ሌላ ይክፈቱ።"

ያን ቀን ስንት መርፌ እንዳስጣልኳት አትጠይቁኝ። በመጨረሻ ሳልነካ ሠራሁና "አለፉ" አለችኝ። ስንወጣ ግን የፌንጣን ጉልበት እንደገና አጥፋ ዘርግታ አየችና ፊቷ ከበድ አለ።

"ይቺ ጉልበት ደክማለች" አለች ለልጄ። "ደጋግማ ደምታለች። አሁን ደግሞ እስክታብጥ ከተጠበቀ እንደ ድሮዋ አትታጠፍ ይሆናል። ገና ስሜቱ ሲጀምራት፣ ያኔውኑ መድኃኒቱ ይግባ።"

"መዝለልስ?" አለች ፌንጣ።

እናትዋ አጎንብሳ ጫማዋን ታስርላት ጀመር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ልጄ ረጅሙ መስመር ላይ ናት። እኔ የጎረቤት መጋረጃ እየቀመቀምኩ ነበር። የውጭው በር ተከፈተና ፌንጣ ገባች፤ እየተራመደች። ቀስ ብላ፣ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላ እግር፣ እንደ ትልቅ ሰው። ሌላ አያት ልጅዋ እየዘለለች ስትገባ ትደነግጥ ይሆናል። እኔ እየተራመደች ስትገባ ሳይ መጋረጃውን ትቼ ብድግ አልኩ።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ደረጃው ላይ ትንሽ አዳለጠኝ።" ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። "እማማ፣ ሶዳው ጀምሯል።"

ሶዳው የምትለው ጉልበቷ ውስጥ የሚሰማት ነገር ነው። ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት ሽ... እንደሚለው ውስጧ ይፈላል ትላለች። ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩና ሁለቱን ጉልበቶች ለካሁ። እኩል ናቸው። እንደገና ለካሁ። እኩል።

"ምንም የለም እኮ፣ የኔ ዓለም! ትንሽ ጋደም በይ፤ እናትሽ ስትመጣ..."

"እማማ፣ ሜትርሽ የሚያየው ካበጠ በኋላ ነው። ካበጠማ ረፈደ።"

ሳይቃጠል በቅጠል የምለው እኔ ነኝ፤ ቅጠሉን ያነሳችው ግን እሷ ናት። ለልጄ ደወልኩ፤ ጥሪ አይቀበልም። ለሲስተሯ ደወልኩ። ቤቷ ነበረች፤ ከኋላዋ ሳህን ይንኳኳል።

"ሜትሩ ምንም አይልም፣ እሷ ግን ሶዳ ሶዳ ትለኛለች" አልኳት።

"ሜትሩን ይተዉት፣ ልጅቷን ይመኑ። ጭንቅላቷን ተመታለች?"

"እማማ፣ በጉልበቴ ነው የወደቅሁት በያት!" አለች ፌንጣ።

"ሰማኋት። ጥሩ።"

"ይዣት ልምጣ?"

"ክሊኒኩ ዛሬ ዝግ ነው። ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይችላሉ፤ ግን መንገዱ አለ፣ ተራው አለ። መድኃኒቱ ፍሪጃችሁ ውስጥ ነው። እንጀምር፤ አልሆን ካለን ወዲያው ይዘዋት ይሄዳሉ፣ እኔም ደውዬ እነግራቸዋለሁ። ድምፅ ማጉያው ላይ ያድርጉኝ።"

ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ ነጠላ ጫማዬ ሄደ።

"ጨው እንዳትዪኝ!" አለች ፌንጣ።

"ማን ጨው አለ?" አልኩ። "አርፈሽ ተቀመጪ።"

መጋረጃውን አነሳሁ፣ ጠረጴዛውን ወለወልኩ፣ የመኪናዬን መብራት አዞርኩ። እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና ታጠብኩ። መነጽሬን አድርጌ ካርቶኑ ላይ የሚያበቃበትን ቀን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ መጠኑንም፣ የመድኃኒቱን ስምም። ብልቃጦቹ ከፍሪጅ ወጥተው እንደ ጠዋት ድንጋይ ቀዝቅዘዋል።

"ምነው ሙቅ ውሃ ውስጥ ባስቀምጣቸው?"

"እንዳያደርጉት! ሙቀት ያበላሸዋል። በመዳፍዎ ይያዙት።"

ፌንጣ የዱቄቱን፣ እኔ የውሃውን ይዘን፣ ጫጩት የምናሞቅ ይመስል ተፋጥጠን ተቀመጥን። ብርዳቸው ሲለቅ ክዳናቸውን በአልኮል ጠረግሁ፤ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ውሃውን ወደ ዱቄቱ አሳለፍኩት። እዚህ ላይ እጄ እንደ ሳል ሽሮፕ ሊነቀንቀው ከጅሎ ነበር።

"አይነቀነቅም!" አሉኝ ልጅቱና ስልኩ እኩል።

በቀስታ ዙሪያውን አሽከረከርኩት፤ ዱቄቱ ቀልጦ ጠፋ።

"ምን ይታይዎታል?" አለች ሲስተሯ።

"የጠራ ውሃ።"

"የሚንሳፈፍ ቅንጣት? ደፍረስ ያለ?"

"የለም።"

"ጎበዝ። ይቅዱት።"

ቀዳሁት፤ አየሩን አስወጣሁ። የፌንጣን ክንድ በጎማ ማሰሪያው አሰርኩ። ሰማያዊዋ መስመር ክርኗ መታጠፊያ ላይ ብቅ አለች፤ በአልኮል ጠረግኋት። ፌንጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"እንደ እማዬ 'አንድ፣ ሁለት' እያልሽ እንዳታስፈራሪኝ። ዝም ብለሽ ውጊኝ" አለች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ቀጭን ቱቦ የተያያዘላትን፣ ባለ ሁለት የፕላስቲክ ክንፏን መርፌ አነሳሁ። ክዳኗን አወለቅሁ።

ነካ!

አውራ ጣቴ ነው። እኔ አይደለሁም፤ አውራ ጣቴ ናት። እኔ ሳላውቅ ሄዳ፣ ነክታ፣ ተመለሰች። ጫፏ ስል ነው፣ ምንም ጥርጥር የለውም።

ፌንጣ ግድግዳውን ታያለች። ስልክ ዓይን የለውም። ካርቶኑ ውስጥ የቀረችው መርፌ አንዲት ብቻ ናት፤ አዲስ የሚሰጡን ሰኞ ነው። ይቺን ጥዬ በዚያችኛዋ ብስትስ? ሌላ መርፌ የለም። መድኃኒቱ ተቀድቶ እየጠበቀ፣ ጉልበቷ ውስጥ ሶዳው እየፈላ፣ እኔ ታክሲ ፍለጋ ልሮጥ ነው። እጅሽ የታጠበ ነው፣ አለችኝ ውስጤ ያለችው ሴትዮ። ደግሞ ላፍታ ነው። ማን አየሽ?

ሲሪንጁን አየሁት። ያ የጠራ ውሃ። ስንቱ ሰው ክንዱን ዘርግቶለታል። ስንቱ ሰው እኔ ዛሬ ያደረግሁትን ዓይነት መነጽር አድርጎ መርምሮታል፣ አጣርቶታል፣ ንጹሕ ነው ብሎ አሽጎታል። ያ ሁሉ ሰው፣ አንድም ቀን ሳያያት፣ ለዚች ልጅ ሲጠነቀቅላት ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ የኔ አውራ ጣት ትጨመርበት?

"ሲስተር" አልኩ። "ነካሁት።"

ስልኩ ውስጥ ሳህን መንኳኳቱ ቆመ።

"አውራ ጣት?"

"አውራ ጣት።"

ፌንጣ ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሰች መሰለኝ፤ ለካ ሳቋን አፍና ነው።

"እንኳን ነገሩኝ፣ እማማ" አለች ሲስተሯ። "በእውነት እንኳን ነገሩኝ። ማሰሪያውን ይፍቱላት፣ ክንዷ ይረፍ። ያንን መርፌ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ቢጫው ሳጥን ውስጥ ይክተቱት። እጅዎን ይታጠቡና ሌላውን ይክፈቱ።"

"ሌላው የመጨረሻ ነው።"

"እንግዲያው እሱን አይንኩታ!"

ስመለስ ፌንጣ ዓይኗን ገልጣ ትጠብቀኛለች።

"እማማ፣ ስሚኝ። ገና በክዳኑ እያለ ሁለቱን ክንፎች አጣጥፈሽ በአውራ ጣትሽና በጠቋሚሽ ያዢያቸው። ክዳኑን በሌላ እጅሽ አውልቂው። አውራ ጣትሽ ሥራ ከያዘች የትም አትሄድም።"

ይቺ ናት እንግዲህ የኔ ልጅ። እኔ ስበሳጭ "ሥራ ፈት እጅ" እያልኩ የማሳድዳት፣ እጄን ሥራ አስያዘችልኝ።

እንደገና አሰርኳት። ሰማያዊዋ መስመር አሁን ደብዘዝ አለች፤ በዓይኔ አጣኋት። መብራቱን ሳብኩት፤ አሁንም አጣኋት። ያኔ በግራ እጄ ጣት ቆዳዋን በቀስታ ዳበስኩ። ወፍራም ኮት ሲሰፋ የውስጡ ስፌት በላዩ አይታይም፤ ግን ጣት ያገኘዋል፤ ያዝ ለቀቅ እያለ ጣትን መልሶ ይገፋል። ይኸው አለች። የዳበስኩትን እንደገና በአልኮል ጠረግሁ፣ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ከታች ቆዳዋን ልክ እንደ ጨርቅ ወጠር አደረግሁ። ክንፎቹን ጨብጬ ክዳኑን አወለቅሁ። አውራ ጣቴ ተያዘች። ገፋሁ።

ቱቦዋ ውስጥ ቀይ ክር ብቅ አለች።

ስንት ዓይነት ክር አይቻለሁ፣ የሐር፣ የጥጥ፣ የወርቅ። እንደዚያች ዓይነት ክር ግን አይቼ አላውቅም።

"ገባ?" አለ ስልኩ።

"ገባ... ገባ መሰለኝ። ቀይ አየሁ።"

"ማሰሪያውን ይፍቱ። ክንፎቹን በፕላስተር ያጣብቁ። አሁን በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ይግፉት። አይቸኩሉ፤ ሳህኔን አጥቤ እስክጨርስ አለሁ።"

ገፋሁ። ሲስተሯ በመሐል በመሐል ትጠይቃለች። ደረትሽን ያፍንሻል? የለም። ያዞርሻል? የለም። የሚያሳክክሽ ነገር አለ?

"አፍንጫዬ!" አለች ፌንጣ። "በጣም!"

እጄ ቀጥ አለ። ሲስተሯ ድምፅዋ ተለወጠ፤ "ያቁሙ። ፊቷ ላይ፣ አንገቷ ላይ ሽፍታ ይታያል? ከንፈሯ አብጧል?" አለች። ተጠጋሁ፤ መነጽሬ ፊቷን ሊነካ ምንም አልቀረው። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አንዲት የመጋረጃ ክር ቁራጭ ተቀምጣ ከትንፋሿ ጋር ትውዘወዛለች።

"ክር ናት!" አልኩ። እፍ ብዬ አበረርኳት። "አሁንስ?"

"አሁን ተወኝ።"

ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሳቅ። "ይቀጥሉ እማማ። ግን በሳቅ አይለፉት፤ አሳከከኝ ካለች ሁልጊዜም አቁመው ይዩ።"

መድኃኒቱ አለቀ። መርፌዋን አወጣሁ፤ ፌንጣ ራሷ ጎዙን በተወጋችበት ላይ ጫን አድርጋ ያዘች። እፎይ አልኩና፣ ሥራ የጨረሰ ሰው እንደሚያደርገው...

"እማማ! ደረትሽ ላይ እንዳትሰኪው!"

እጄ መሰኪያ ትራሴ አጠገብ ደርሶ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ ጥዬ አላውቅም እኮ! ቢጫው ሳጥን ውስጥ ከተትኳት፤ ክዳኑንም እንኳ መልሼ አልገጠምኩላት፣ እንደተባልኩት። እግሯን ትራስ ላይ ሰቅዬ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ አደረግሁላት። ስልኩን "እግዜር ይስጥልኝ" ልለው አፌን ስከፍት ማልቀስ ጀመርኩ። ሲስተሯ ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀችኝ። ሳህኑ ድሮ አልቆ ኖሯል።

ልጄ አመሻሽ ላይ የሾፌር ጃኬቷን ሳታወልቅ እየሮጠች ገባች። በር ላይ ሆና መጀመሪያ ያየችው ወንበሩ ሥር ያሉትን ነጠላ ጫማዎቼን ነው። ከዚያ ጉልበቱን። ከዚያ መርፌ ያልቀረበትን ካርቶን።

"እማ፣ ለምን ሁለት መርፌ?"

"ንገሪያት" አልኳት ፌንጣን። ነገረቻት፤ የኔን ድምፅ፣ የሲስተሯን ድምፅ፣ የአውራ ጣቴንም ጭምር እየተወነች። ልጄ መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ እጄን ሳበችና አውራ ጣቴን ሳመችው።

"ብትደብቂን ማንም አያውቅም ነበር" አለችኝ።

"እኔ አውቅ ነበር" አልኳት። "ደግሞ እነዚያ ደማቸውን የሰጡ ሰዎች።"

"እነሱ ምን ያውቃሉ፣ እማ?"

"ተይኝ፣ ያውቃሉ።"

እሁድ ጠዋት ለካሁ፤ እኩል። ከሰዓት ለካሁ፤ እኩል። ሰኞ ክሊኒክ ስንሄድ መንገድ ላይ ልለካት ስል "ሰው እያየን ነው!" ብላ ተቆጣችኝ። ሲስተሯ ጉልበቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ደግማ አጠፈች። ጉልበቷ እንደ አዲስ ማጠፊያ ሄደች፣ መጣች።

"መዝለልስ?" አለች ፌንጣ።

ሲስተሯ እኔን አየችኝ። "ጥቂት ቀን ትረፍ። ከዚያ፣ መድኃኒቷን በጊዜው እየወሰደች፣ በመጠኑ ትዝለል። ሁለተኛ እጅ አላት።"

ደም የሚለገስበት ክፍል ከክሊኒኩ ጎን ነው። ገብቼ ክንዴን ዘረጋሁ፤ በዕድሜዬ አይቀበሉም አሉኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሰዎቹ ክንዳቸውን የሚያሳርፉት ደረቅ እንጨት ላይ ነው። የዚያን ሰሞን ከተረፈኝ ጨርቅ ሁሉ ትንንሽ የክንድ ማረፊያ ትራሶች ሰፋሁ፤ ወልቆ የሚታጠብ ልብስ አበጅቼላቸው። ፌንጣ ጥጥ እየሞላች ረዳችኝ። ማን እንደሚያርፍባቸው አላውቅም። እነሱም እኔን አያውቁኝም፤ እኩል ነን።

ትናንት በሱቁ በኩል ሳልፍ ባለሱቁ አንገቱን አስግጎ ጠራኝ።

"እማማ፣ ምነው ጠፉ? ጨው ተዉ እንዴ?"

መልስ ከመስጠቴ በፊት ፌንጣ ከጎኔ ተነስታ የውሃ መውረጃውን ቦይ ዘልላ ተሻገረች። "ቀስ በይ፣ አንቺ ልጅ!" ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ ቆሜ አየኋት፤ በሁለቱም እግሮቿ እኩል አርፋለች።

"ይኸው ተውኩ" አልኩት። "ተመስገን፣ ሞልቶልኛል።"